ቤታ ናፍቲላሚንና የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች

ናፍታሊን በየቤታችን የሚታወቀው ልብስን ከብል ለመጠበቅ በሣጥን በሚቀመጠው ነጭ እንክብል ነው። በቀለም ኢንዱስትሪ ታሪክ ግን የያዘው ስፍራ እጅግ የሰፋ፣ አንዳንዴም የሚያሳዝን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተጣበቁ የካርቦን ቀለበቶች ባሉት በዚህ ሞለኪውል ላይ አዲስ ቡድን የሚገባው በአልፋ ወይም በቤታ ቦታ ነው። ሰልፈሪክ አሲድ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲጨመርበት የሰልፎኒክ ቡድኑ በአብዛኛው አልፋን ይይዛል፤ እዚያ መግባቱ ፈጣን ነውና። ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን፣ በአጠገቡ ባለው ሃይድሮጅን የተጨናነቀው ቡድን እየወጣ ይበልጥ ወደሚረጋበት ወደ ቤታ ይዛወራል። ቤታ ሰልፎኒክ አሲድ ከቀለጠ ኮስቲክ ሶዳ ጋር ተዋሕዶ ቤታ ናፍቶልን ይሰጣል፤ ናፍቶሉም ሃንስ ቡኸረር በ1904 ባስተዋወቀው መንገድ፣ በአሞኒያና በሰልፋይት አማካይነት፣ ወደ ቤታ ናፍቲላሚን ይለወጣል።

በ1895 የፍራንክፈርቱ ቀዶ ጥገና ሐኪም ሉድቪግ ሬን (በዓመቱ የቆሰለ ልብ ሰፍቶ ስሙ የገነነው ነው) በፉክሲን ቀለም ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ማየቱን ገለጠ። ጥፋቱን ያሳበበው ግን በአኒሊን ነበር። እውነተኛው ተጠያቂ ቤታ ናፍቲላሚን መሆኑን ዊልሄልም ሁፐርና ባልደረቦቹ በ1938 በውሾች ላይ አሳዩ፤ ሮበርት ኬዝና ተባባሪዎቹም በ1954 በብሪታንያ ሠራተኞች ላይ አረጋገጡ። የብሪታንያ ሕግ የከለከለው በ1967 ነው። ከውሾቹ ማስረጃ እስከ ሕጉ 29 ዓመት አለፈ፤ በሽታው ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ፣ የዘገየው ዋጋ የተከፈለው በጡረታ ዕድሜ ነበር።

ፋብሪካዎቹ ሌላ መንገድ አልነበራቸውምን? ነበራቸው። ነጻው አሚን በስብ ስለሚሟሟ በቆዳና በሳንባ ይገባል፤ ጉበት ይለውጠዋል፤ የተለወጠውም በሽንት ተጉዞ ፊኛን ያጠቃል። ሰልፎኒክ ቡድን ያለበት ዘመዱ፣ የቶቢያስ አሲድ፣ በገለልተኛ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሙል ይዞ ስለሚሟሟ ወደ ሰውነት ሴል መግባት ያዳግተዋል። ሊቶል ሬድ የተባለው የኅትመት ቀለም የሚሠራውም ከእርሱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የቅደም ተከተል ነው፤ ናፍቶሉ አስቀድሞ በክሎሮሰልፎኒክ አሲድ፣ እንደ ናይትሮቤንዚን ባለ ማሟሚያ ውስጥ፣ በቅዝቃዜ ሰልፎኒክ ቡድኑን ከያዘ በኋላ አሞኒያ ቢያገኘው አደገኛው አሚን ለብቻው አይመረትም።

ሆኖም ቡድኑ የተቀመጠው በአልፋ ላይ ነው። በሙቅና አሲዳማ ውሃ ውስጥ ተላቆ ነጻውን አሚን ሊመልስ ይችላልና፣ በምርቱ ውስጥ የሚቀረው መጠን በየጊዜው መለካት አለበት።