በቤታችን የሚያድረው አየር፦ የራዶን ታሪክ ለላስታ ደጋ የሚሰጠው ትምህርት

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት በጋሸና ደጋ፣ ብርዱ በር ያዘጋል። ቤተሰቡ ምድጃውን ከብቦ፣ በሩን ዘግቶ ያድራል። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት ለወራት በቆየ ሳል ተይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ አክታዋን ለሳንባ ነቀርሳ እንመረምራለን፤ ስለምታድርበት ቤት አየር ግን እምብዛም አንጠይቅም። ይህ ጥያቄ ምን ያህል ዘግይቶ ወደ ሕክምና እንደገባ የራዶን ታሪክ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራዶን ቀለምም ሆነ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። በዐለትና በአፈር ውስጥ ያለው ዩራኒየም ደረጃ በደረጃ ወደ ራዲየም፣ ራዲየምም ወደ ራዶን ይለወጣል። ጋዙ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ይገባል፤ በተዘጋ ቤትም ይጠራቀማል። ከእርሱ የሚፈጠሩት ቅንጣቶች ከትንፋሽ ጋር ገብተው በሳንባ ላይ በመለጠፍ ሕዋሳትን በአልፋ ጨረር ይጎዳሉ።

ጉዳቱ የታወቀው ከጋዙ አስቀድሞ ነበር። ጆርጂየስ አግሪኮላ በ1556 በታተመው መጽሐፉ የማዕድን ቆፋሪዎችን የሳንባ ሕመም ገልጿል። በ1879 ሄርቲንግና ሄስ የተባሉ ጀርመናውያን ሐኪሞች የሽኔበርግ ቆፋሪዎችን አስከሬን መርምረው፣ ገዳዩ ሕመም አደገኛ የሳንባ ዕጢ መሆኑን አሳወቁ። በ1900 ፍሪድሪሽ ኤርንስት ዶርን ከራዲየም ጋዝ እንደሚወጣ ደረሰበት። የሚያሳዝነው ግን፣ ቆፋሪው በጉድጓድ ውስጥ በሚሞትበት በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ራዶን ያለበት ውኃ እንደ መድኃኒት ይሸጥ ነበር።

ጉዳዩ ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ የቤት ጉዳይ እንደሆነ የአሜሪካን ሕዝብ ያነቃው በ1984 በፔንስልቬንያ የተፈጸመ ድርጊት ነው። ስታንሊ ዋትራስ የተባለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሠራተኛ የጨረር መቆጣጠሪያውን የማንቂያ ደወል አስጮኸ። ሲጣራ ጨረሩን ያመጣው ከሥራ ቦታው ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1988 ራዶንን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መደበው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤከሬልን መነሻ ልክ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ይህ በማይቻልበት አገር እንኳ ከ300 እንዳይበልጥ አሳሰበ። ከሄርቲንግና ከሄስ ግኝት እስከ ዋትራስ ቤት 105 ዓመታት አለፉ። ሐኪም የሚያውቀውና ሕዝብ የሚሰማው ነገር ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ላስታ ስንመለስ፣ ደጋው የቆመው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ባዛልት በአብዛኛው ከግራናይት ያነሰ ዩራኒየም ይይዛል። ስለሆነም ሕዝቡን በራዶን ስም ማስፈራራት አይገባም፤ ሳይለኩ «ምንም የለም» ማለትም እንዲሁ። ጥርጥር የሌለበት ግን የኩበትና የእንጨት ጭስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ራዶን አይታይም፤ ሁለቱንም የሚያጠራቅማቸው ግን የተዘጋ ቤት ነው። ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ የራዶን አደጋ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ ለጭስ መውጫ ማበጀት፣ ማጀቱን ከመኝታ መለየት፣ ሕፃናትን ከምድጃው ማራቅና ቤቱን በየቀኑ ማናፈስ ዛሬውኑ ሊመከሩ የሚገባቸው ናቸው። ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ይህን ምክር እስከ ምድጃው ድረስ ማድረስ ይችላል።

ብርዱን ለሚያውቅ ሰው «በሩን ክፈቱ» ብሎ ማዘዝ ብቻ አይበቃም። ምክሩ በጥያቄ ይጀምር፦ «እናቴ፣ ምን ያነዳሉ? ጭሱ በየት ይወጣል? ሕፃኑስ የት ይተኛል?» መልሱ ከአክታው ውጤት ጎን በሕክምና ካርዱ ላይ ቢሰፍር፣ እኛም ሌላ 105 ዓመት አንጠብቅም።