አሥራ ሁለት ዱላ ለአንድ ሰው

አንድ ዓመት ገናን አምቦ፣ ዘመድ ቤት ዋልኩ። ከሚኒሶታ የመጣ የእህቴ ልጅም አብሮን ነበር። ሻንጣዎቹን ከመኪና ሲያወርድ አንድ ረጅም፣ ጎንና ጎኑ ኪስ ብቻ የሆነ ከረጢት አብሮ አወረደ። እኔ በገና ወይም ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ መስሎኝ «አንተ፣ ዘፋኝ ሆነህ መጣህ እንዴ?» አልኩት። ሳቀና ዚፑን ከፈተው። ለካ ውስጡ ዱላ ነው! የአንዱ ጭንቅላት የሕፃን ራስ ያህላል፣ የሌላው እንደ ጭልፋ ጠፍጠፍ ብሏል።

«ጎልፍ ነው ጋሼ» አለኝ።

ቤቱ ውስጥ ሰማንያን ያለፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በጉልምስናቸው በገና ጨዋታ ስማቸው የሚነሳ ሰው ናቸው። ዱላዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሯቸው። አሥራ ሁለት ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?»

«ለእኔ ብቻ ነው አባባ። እንዲያውም ሁለት ይጎድለኛል።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ ግን የምሩን ነበር። ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳን። በጎልፍ ሰውዬው ዱላውን የሚያወናጭፍበት ኃይል በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ነው። ርቀቱን የሚለውጠው ዱላው ነው። የዱላው ዘንግ ሲረዝምና ግንባሩ ቀጥ ሲል ኳሷ ዝቅ ብላ ሩቅ ትሄዳለች፤ ዘንጉ ሲያጥርና ግንባሩ ወደ ኋላ ሲጋደም ወደ ላይ ተነስታ ቅርብ ትወድቃለች። እናም እያንዳንዱ ዱላ የራሱ ርቀት አለው ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ፒቺንግ ዌጅ በሚባለው ዱላው 110 ሜትር ይመታል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሳንድ ዌጁ የሚወስድለት 80 ሜትር ነው። በመሃል ያለው 30 ሜትር ባለቤት የለውም። ኳሷ ከጉድጓዱ 95 ሜትር ላይ ስትቆምበት ቆሞ ከረጢቱን ያያል።

አዛውንቱ እስኪጨርስ በትዕግሥት አዳመጡትና «ታዲያ ያኔ እጅህ ምን ይሠራል?» አሉት።

ይህቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለች። እኔ ጎልፍን የማውቀው አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ሲጫወቱ በሩቁ ከማየት፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥም ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ መኖሩን ከመስማት አያልፍም። አዲስ አበባ ስመለስ ታሪኩን አነበብኩ። የአዛውንቱ ጥያቄ ለካስ የጨዋታው የራሱ የመቶ ዓመት ጥያቄ ኖሯል።

የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1457 ጎልፍን ከእግር ኳስ ጋር ከልክሎት ነበር። ምክንያቱ ጎረምሳው ዱላ ይዞ ሲሮጥ የቀስት ልምምዱን ዘነጋ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ሁሉ ዱላው እንጨት ነው፤ በኋላ ጭንቅላቱ ብረት እየሆነ ሲመጣም ዘንጉ ሂኮሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠራ ነበር። ዱላዎቹ ቁጥር አልነበራቸውም። እንደ ከብት ስም ነበራቸው፤ ማሺ፣ ኒብሊክ፣ ክሊክ፣ ብራሲ ይባሉ ነበር። ሁለት ማሺ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ እንጨት ነውና አንዱ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ይደርቃል። ስለዚህ ተጫዋቹ ዱላውን እንደ በቅሎው ጠባዩን ማወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1916 ቺክ ኢቫንስ የሚባል ሰው የአሜሪካን ታላቅ ውድድር ያሸነፈው 7 ዱላ ብቻ ይዞ ነው። ያስመዘገበው ውጤትም 20 ዓመት ሳይሰበር ቆየ። በሰባቱ ዱላዎች መሃል የነበረውን ክፍተት በምን ሞላው? በእጁ ነዋ!

ከዚያ የብረት ዘንግ መጣ። አሜሪካኖቹ በ1920ዎቹ፣ የብሪታንያው የሕግ አካል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ፈቀዱት። ብረት እንደ እንጨት አያመነታም፤ ፋብሪካው መቶውን ዱላ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣል። ስማቸው ቀረና ቁጥር ተሰጣቸው። ቁጥር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፣ በመሃሉ ሌላ ቁጥር እንዲገባበት ይጠራል። ሎውሰን ሊትል የሚባለው ሻምፒዮን በ1930ዎቹ አጋማሽ ከ25 በላይ ዱላ ያሸክም እንደነበር ተጽፏል። ያሸክም ነው ያልኩት፤ ተሸካሚው ሌላ ሰው ነውና። በመጨረሻ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ብሪታንያዎቹ በዓመቱ «በቃ! ከ14 በላይ መያዝ ክልክል ነው» አሉ። የእህቴ ልጅ «ሁለት ይጎድለኛል» ያለው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ያ 30 ሜትር ክፍተት የመጣበት መንገድ ነው። ሳንድ ዌጅ የሚባለውን፣ ኳስን ከአሸዋ የሚያወጣውን ዱላ ጂን ሳራዘን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለሕዝብ አስተዋወቀው። ግንባሩ 55 ወይም 56 ዲግሪ ያህል የተጋደመ ሆኖ ጸና። ከሱ በፊት ያለው ፒቺንግ ዌጅ ድሮ ከ48 እስከ 50 ዲግሪ ነበር። ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ ማንም አይቸገርም ነበር። በኋላ አምራቾቹ «የእኛ 7 ቁጥር ከሌላው 7 ቁጥር ይርቃል» ለማለት የዱላዎቹን ግንባር ቀስ በቀስ ቀጥ እያደረጉት መጡ። ቁጥሩን ግን አልነኩትም። ፒቺንግ ዌጁ 44 እና 45 ዲግሪ ደረሰ። ሳንድ ዌጁ አሸዋ አለበትና ካለበት ንቅንቅ አላለም። በመሃል ገደል ተፈጠረ። ከዚያስ? «ጋፕ ዌጅ» የሚባል፣ ትርጉሙ የክፍተት ዱላ የሆነ፣ 50 ዲግሪ ገደማ የሚጋደም አዲስ ዱላ ሸጡለት። ክፍተቱን የፈጠረውም መሙያውን የሸጠውም ያው አንድ ገበያ ነው ማለት ነው። ይህን መሳይ ንግድ በስንት ነገራችን ውስጥ እንዳለ አንባቢ ራሱ ይቁጠረው።

ወደ አምቦ ልመለስ። በበዓሉ ማግስት ጤፉ የታጨደበት ማሳ ላይ ወጣን። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሊለቅሙ ተከተሉን። አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው መጡና በእርምጃ ለኪ ሆኑ። የእህቴ ልጅ በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ መታ። ከዚያ ከአሥሩ በጣም የራቀችውንና በጣም የቀረበችውን ጥሎ የቀሩትን አማካይ ያዘ። ሰው ርቀቱን ሲጠየቅ በሕይወቱ አንድ ቀን የመታትን ያወራል፤ ክፍተቱ የሚታወቀው ግን በሁልጊዜው ነው። ይህን ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ወደድኩለት።

ውጤቱ ሁለት ነገር አሳየን። አንደኛ፣ የሚኒሶታው ቁጥር አምቦ ላይ አልሠራም። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ አገር ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኳሷ ወደ 8 በመቶ ያህል ትርቃለች። 110 ይል የነበረው ዱላ ወደ 118 ተጠጋ። ሁለተኛ፣ ከላይ በኩል ያሉት አራት ቁጥርና አምስት ቁጥር አይረኖቹ ኳሷን የሚጥሉት እዚያው አንድ ቦታ ነው። ሁለት ደመወዝተኛ ለአንድ ሥራ! እታች ሰው ጠፍቶ፣ እላይ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለኖርኩ አልገረመኝም።

«ሁለት ዱላ ከመግዛትህ በፊት አንዱን አውጣ» አልኩት።

አዛውንቱ በዚህ መሃል ሌላ ነገር አሉት። «ትልቁን ያዝ፤ እጅህን ግን ዝቅ አድርገህ ያዝ። ገና ስንጫወት ለቅርብ እንደዚያ ነበር።» ልጁ ፒቺንግ ዌጁን ከእጀታው ወረድ አድርጎ ይዞ፣ ክንዱን ሳይጨርስ መታ። ከአሥሩ ሰባቷ እዚያው ክፍተቱ ውስጥ ወደቁ። ሦስቱ የትም ሄዱ። «ይሠራል አባባ፤ ውድድር ላይ ልብ ሲመታ ግን እጄን አላምነውም» አላቸው። እውነቱን ነው። አንድ የክፍተት ዱላ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ግን አያስፈልገውም። በዚህ ተስማማን።

ይሄኔ ነው ከልጆቹ አንዱ «እኛም ገና እንጫወት» ያለው።

ገና፣ በኦሮምኛ ቂሌ፣ የዚህ አገር ሰው ጨዋታ ነው። እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር ተያይዞ በታኅሣሥ 29፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ ይጫወቱታል። አንድ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ ሁለት ወገን። በቃ። በቀደመው ጊዜ የተጫዋቹ ቁጥርም የሜዳውም ልክ አይወሰንም ነበር፤ መንደር ከመንደር ሲገጥም ድንበሩ ወንዝ ሊሆን ይችላል። የዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ጌታም መቆጣት ነውር ነበር። ኋላ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ ደንብ አውጥቶለት ከገበጣ፣ ከትግልና ከጉግስ ጋር ያወዳድረዋል። ለሩቁም ለቅርቡም ዱላው ያው አንድ ነው። ክፍተቱን እጅ ይሞላዋል፤ እጅ ያልደረሰበትን ደግሞ ጓደኛ ይደርስለታል።

ግን ዱላ ከየት ይምጣ? አዛውንቱ የራሳቸውን አስመጡ። ወይራ ነው። ከምድጃ በላይ ተሰክቶ ስንት ዘመን ጢስ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሌላ ፍለጋ ገበያ ላክን፤ የተገኘው የባሕር ዛፍ አጠና ብቻ ነበር። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ለቤት እንጂ ለገና አይሆንም።

ባሕር ዛፍን መውቀስ አልፈልግም። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ የምታገኟት አዲስ ዓለም የዚህ ታሪክ ምስክር ናት። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ክፍተት በአንድ ዛፍ ተሞላ። ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው ግን እየሸሹ ሄዱ።

ከሸሹባቸው ቦታዎች አንዱ ጊንጪ አጠገብ ያለው የጭልሞ ደን ነው። የአካባቢው ሰው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደኑን በጋራ ለመጠበቅ ከተደራጀባቸው የአገራችን ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ለተቃውሞ የወጡት መጫወቻ ሜዳችንና ይህ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው ነበር። ከዚያ የተነሳው እንቅስቃሴ የት እንደደረሰ፣ ስንት ሕይወት እንደጠየቀ፣ አገሪቱን እንዴት እንደለወጠ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን መነሻውን አልረሳውም። አንድ ሜዳና አንድ ደን ነው። ገና ለመጫወት የሚያስፈልገውም እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

እኔ በልጅነቴ የተጫወትኩበት ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። ሰው ቤት ያስፈልገዋልና አልከራከርም። ነገር ግን ሜዳው ሲሄድ ምትክ ሜዳ ይሰጥ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ክፍተት እንዲህ ነው የሚፈጠረው። እንደ ዱላዎቹ ግንባር በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቃናል፣ ስሙ ያው ነው፤ «ከተማችን» እንላለን፤ አንድ ቀን ልጅ ኳስ ይዞ ሲወጣ መቆሚያ ያጣል። ይሄኛው ክፍተት ደግሞ ከሱቅ የሚገዛ መሙያ የለውም።

የዚያን ቀን ማሳው ላይ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ያለን አንድ ገና ብቻ ነው። በተራ መቱ። ተራ የሚጠብቁት ለሩሯ ይሮጡ ነበር። የእህቴ ልጅ ከረጢቱን ዘግቶ እሱም ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ሦስት ጊዜ አየሩን መትቶ በአራተኛው አገኛት። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው «ዝቅ አድርገህ ያዝ ብዬህ አልነበር!» ይሉታል።

ማታ ላይ ሽማግሌው ልጆቹን ሰብስበው ለመጪው ዓመት እያንዳንዳቸው ዱላ እንዲያዘጋጁ አዘዙ። «ወይራ ብታገኙ ቅርንጫፉን ብቻ ነው፤ ግንዱን የነካ የለም» ብለው አስጠነቀቁ። ልጆቹ «እሺ» አሉ። አንዷ ግን፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ጠየቀቻቸው።

«ለከርሞ ይሄ ማሳ ይኖራል?»

እሳቸው ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ማሳው።