ስድስቱ ሦስት ማዕዘኖች ለምን አልገጠሙም?

እንፍራንዝን አብዛኞቻችሁ የምታውቋት በአውቶቡስ መስኮት ይመስለኛል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ አዲስ ዘመንን ካለፋችሁ በኋላ፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለውን የጉዛራን ግንብ ለማየት አንገታችሁን ታጣምማላችሁ። ጥቂት ቆይታ ከተማዋ ትመጣለች፣ ወዲያው ታልፋለች። ስለ ግንቡ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ ካርቶን ነው።

ክረምት ላይ አያቴን ልጠይቅ ሄጄ ዝናቡ ቤት ዘጋብኝ። የጎረቤት ልጆችም እንደኔው ተዘግቶባቸው እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አምስት ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ መስከረም ሲጠባ ኦ ክፍል የሚገቡ። ከጫጫታቸው ለማምለጥ አንድ የብስኩት ካርቶን ቀድጄ በመቀስ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን እየቆረጥኩ ሰጠኋቸው። ምን ሥሩ አላልኳቸውም። ቤት ሠሩ፣ ዓሣ ሠሩ፤ አንዱ ባጃጅ ነው ብሎ የማለልኝን ነገር ሠራ። አንዲት ልጅ ግን ለብቻዋ ጥግ ይዛ የሦስት ማዕዘኖቹን ጫፍ ጫፍ አንድ ቦታ ላይ ማገናኘት ጀመረች። ፀሐይ ልትሠራ ነው። አምስቱ ሰመሩላት። ስድስተኛው ላይ ክፍተት ቀረ፤ ሰባተኛው ደግሞ አይገባም።

«ጋሼ፣ አልገጠመም» አለችኝ።

የኔ ጥፋት ነበር፤ የቆረጥኩት በዓይን ግምት ነው። ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ስለሆነ፣ ስድስቱ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ 360 ሞልተው ክቡን ይዘጋሉ። ይህን ስንተኛ ክፍል እንደተማርኩት አላስታውስም፤ ፈተና ላይ ግን ሞልቼዋለሁ። በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር።

እምዬ ከመደቧ ላይ ሆና ስታየን ቆይታ «አምጣው እስቲ» አለች። ሳህን ካርቶኑ ላይ ደፍታ ዙሪያውን በከሰል አሠመረችና ቆረጠችው። ከዚያ ክር አንስታ የክቡን ዙሪያ ለካች፤ ክሩን ለሁለት አጠፈችው፣ የታጠፈውን መልሳ ለሦስት። በታጠፈው ክር ልክ ጠርዙን እየዞረች ስድስት ቦታ ምልክት አደረገች። ምልክቶቹን እርስ በርስና ከመሀሉ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኝቼ ስቆርጥ ስድስቱም ገጠሙ። «የት ተማርሽው?» ብላት ሳቀች። «እኔ መሃይሟ ምን እማራለሁ፤ የሰፌድ ነው እንጂ።»

ይህች መልስ ናት ወደ ታሪክ የመራችኝ።

ለትንንሽ ልጆች ጠፍጣፋ ቅርጽ ሰጥቶ «ገጣጥሙ» ማለትን የትምህርት ዘዴ ያደረገው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1782 ነው፤ እናቱ ገና ጨቅላ ሳለ ሞተችበት። በጎልማሳነቱ በርሊን ውስጥ ክሪስቲያን ሳሙኤል ቫይስ ከተባለ የማዕድናት ሊቅ ሥር የድንጋይ ክሪስታሎችን እየለየ ሲያደራጅ ቆይቷል። ክሪስታል ውስጥ ያየውን ሥርዓት፣ ትንሽ ቅርጽ እየተደጋገመ ትልቅ መልክ የሚያወጣበትን ማለት ነው፣ በኋላ ወደ ልጆች ጨዋታ አመጣው። «ስጦታዎች» ብሎ የሰየማቸውን መጫወቻዎች በተራ አዘጋጀ፤ የሱፍ ኳስ፣ ከዚያ የእንጨት ጡቦች፣ ከዚያ ጠፍጣፋዎቹ ካሬዎችና ሦስት ማዕዘኖች።

በነዚህ ሦስት ዓይነት ነገር ይሠራል። አንደኛው ከኑሮ የሚታወቅ ነው፤ ቤት፣ ወንበር፣ ባጃጅ ብትሉም ያው ነው። ሁለተኛው የእውቀት ነው፤ ሁለት ሦስት ማዕዘን ተጋጥሞ ካሬ ሲሆን ማየት። ሦስተኛው የውበት ነው፤ ከመሀል ተነስቶ በየአቅጣጫው እኩል የሚዘረጋ ጌጥ። ለዚህኛው ደንብ አለው፦ በአንድ በኩል ያንቀሳቀስከውን በሌላውም በኩል ታንቀሳቅሳለህ፤ አዲስ ጌጥ ሲያምርህ አሮጌውን አታፈርሰውም፣ ቀስ በቀስ ትለውጠዋለህ እንጂ። አንዲትም ቁራጭ ትርፍ ሆና አትቀርም።

ሰፌድ ስትሰፋ ያየ ሰው ይህን ደንብ ያውቀዋል። እምዬ ከመሀል ትጀምራለች፤ አክርማውንና ስንደዶውን በወስፌ እየወጋች ትዞራለች፣ ትዞራለች። ቀለም የተነከረው አለላ የሚገባበትን ቦታ በከንፈሯ ትቆጥራለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ይሰፋል። ስለዚህ በየዙሩ የሚጨመረው ስፌት በትክክል ካልተከፋፈለ ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት ጌጥ ይጠማዘዛል። አንዱ ጨረር ላይ የጨመረችውን በሌሎቹም ላይ ትጨምራለች። ወረቀት የላት፣ እርሳስ የላት። ጠፍጣፋ ክብ ላይ የሚሠራ ሒሳብ ነው፤ ስሙ ግን «የሴት ሥራ» ነው።

ስሙ ያመጣውን ጣጣ እኔም ቀምሻለሁ። ልጅ ሳለሁ ወስፌዋን ባነሳሁ ቁጥር «ወንድ ልጅ ስፌት አይነካም!» ተብዬ ተባርሬያለሁ። እህቶቼ ደግሞ ለምደውታል፣ ግን አንድም አስተማሪ እጃቸው የሚያውቀውን ጠይቋቸው አያውቅም።

ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1840 ለትምህርት ቤቱ «ኪንደርጋርተን» የሚል ስም አወጣለት፤ የልጆች አትክልት ቦታ እንደማለት። የኛው «አጸደ ሕፃናት» ቃል በቃል የዚያ ስም ግልባጭ ነው፤ አጸድ በግእዝ የአትክልት ቦታ፣ የታጠረ ግቢ ነው። በየሰፈሩ ታፔላ ላይ ሰውየውን እየጠራነው ነው ማለት ነው፣ ሳናውቅ።

ከዚያ ታገደ። እ.ኤ.አ. በ1851 የፕራሻ መንግሥት ኪንደርጋርተንን በሙሉ ከለከለ። ምክንያቱ ሃይማኖት የለሽነትና ሶሻሊዝም ያስፋፋል የሚል ነበር። ሹማምንቱ የፍሮበልን ሥራ ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮበል ጽሑፍ ጋር ሳያምታቱት አልቀሩም ይባላል። ሽማግሌው በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። ካሬና ሦስት ማዕዘን የሚገጣጥም የአምስት ዓመት ልጅ መንግሥት ያስፈራል? እንጃ። በዚያው ዘመን ግን ከጀርመን የተሰደዱ ሴቶች ትምህርቱን አሜሪካ አደረሱት፤ ማርጋሬተ ሹርትስ በ1856 ዊስኮንሲን ውስጥ ከፈተች። በ1876 ፊላደልፊያ በተካሄደው ታላቅ ኤግዚቢሽን አንዲት እናት ስጦታዎቹን አይታ ለዘጠኝ ዓመት ልጇ አስተዋወቀችው። ልጁ ፍራንክ ሎይድ ራይት ነበር፤ ዝነኛ አርክቴክት ከሆነ በኋላም እነዚያ የእንጨት ቅርጾች ከጣቶቹ እንዳልወጡ ጽፏል። የእናቱን ስም፣ አና ሎይድ ጆንስን፣ የሥነ ሕንፃ ታሪክ መዝግቦታል። ከአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች ማን እንደሰፋቸው ግን ከቤተሰቡ ውጪ የሚያውቅ የለም።

በኛ አገር የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ ማዕቀፍ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ኦ ክፍልም ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። መልካም ነው፤ ድሮ አጸደ ሕፃናት የከተማና የከፋይ ልጅ ነበር። ግን እኔ ባየኋቸው ክፍሎች የቅርጽ ትምህርት ማለት መምህሯ በእንጨት ወደ ሰሌዳ ስትጠቁም «ሦስት ማዕዘን!» ብሎ በአንድ ድምፅ መጮህ ነው። ሌላ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለቀለም የፕላስቲክ ቅርጾች ሙሉ ሳጥን አይቻለሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ እንዳይጠፋ። መምህራኑን አልወቅስም፤ ቢጠፋ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ካርቶን ግን ማንም አይቆልፍበትም፤ ሰፌድም በየቤቱ አለ።

ያቺ ልጅ ፀሐይዋን ከዘጋች በኋላ አላቆመችም። ከድሮው ክምር ውስጥ አንድ ሦስት ማዕዘን አንስታ ከፀሐይዋ ጠርዝ ላይ አስጠጋችው። እምዬ ከመደቡ ወርዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ይቺን እዚህ ካደረግሽ እኮ፣ ያንንም እዚያ ማድረግሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ ቆጠረች፤ አምስት ይጎድላታል። እኔ በአዲሱ ልክ መቁረጤን ቀጠልኩ።

ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹ ወጡ፤ ባለ ባጃጁ ብቻ ቀረ። ከተጀመረው ሰፌድ አጠገብ ያለውን ወስፌ አንስቶ ያገላብጠዋል። እምዬ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። የለመድኩትን ተግሣጽ ጠበቅሁ።

«ጣትህን እንዳትወጋ» አለችው፣ ሰፌዱን ወደሱ እየገፋች።