የራምቦ ቤት ጎረቤቶች

ሐረርን ማየት የሚፈልግ ሰው በጸደይ ይሂድ። ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ጥቂት ቀን ሰነበትኩ። ክረምቱ ያረጠበው መሬት ገና አረንጓዴ ነው፤ የጀጎል ቀጫጭን መንገዶችም በቀለም የተቀቡ ግድግዳዎቻቸውን ይዘው ፏ ብለዋል።

ጀጎል ስፋቷ 48 ሄክታር ያህል ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። በዚያች ጠባብ ቦታ 82 መስጊዶች ተቆጥረዋል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧታል። እንዲህ ባለ ከተማ ጥበቡ የሚኖረው አደባባይ ላይ ሳይሆን እቤት ውስጥ ነው። ቀይ የተቀባው መደብ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሰውም እንደ ማዕረጉ ይቀመጥበታል። ግድግዳው ሴቶቹ በሰፏቸው መሶብና ሰፌዶች ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ደግሞ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ከዚህ የጨዋ ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

ስለ ምግቡም ዝም ብዬ አላልፍም። ለዓለም ቡና የምትሸጠው ሐረር እቤቷ ቅጠሉን አፍልታ ቁጢ ትጠጣለች። ሳምቡሳው ከነትኩሳቱ ነው፤ ሐልዋው ጥርስ ለሌለውም ይሆናል። የአሹራ ዕለት ደግሞ ለጅብ ሳይቀር በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ነው ይባላል። ጅብ የሚጋበዝበት ከተማ እንግዳ አያስርብም።

ችግሩ፣ እኛ ሐረርን የምናነባት በእንግዶቿ ዓይን መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. መጥቶ 10 ቀን ቢቀመጥ ‘የተከለከለችው ከተማ’ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይከተላታል። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከተማይቱ በግብፆች እጅ ሳለች በ1873 ዓ.ም. ለአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ገባ። ግጥሙን የተወው ከዚያ በፊት ነው፤ ሐረር ላይ የነገደው ቡና፣ ቆዳና ዝሆን ጥርስ ነበር። ቆይቶም ለምኒልክ ጠመንጃ ወሰደ። በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ በቃሬዛ ሄደ። ዛሬ ‘የራምቦ ቤት’ የሚባለው ባለ ፎቅ ደግሞ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል። ቢሆንም ጎብኚው ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። ግጥም ያልጻፈበት ከተማ የገጣሚ ከተማ ሲሆን እዩልኝ!

ከራምቦ ቤት ጥቂት ወረድ ሲሉ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው አለ። እዚያ ነው አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት ከየቤቱ የለቀሙት የእጅ ጽሑፍ የተሰበሰበው፦ ቁርኣኑ፣ የሕግ መጽሐፉ፣ ዚክሩ። ከፊሉ ዓጀሚ ነው፤ ፊደሉ ዓረብኛ፣ ቋንቋው ሐረሪ። በርተን ራሱ እንኳ የሐረርን የመጽሐፍ ድጉሳት አድንቆ ጽፏል። ቆዳው በማኅተም እየተጫነ ሐረግ ይወጣለታል፤ በጎኑ የገጾቹን ጠርዝ ሸፍኖ የሚታጠፍ ምላስ አለው። እኛ ግን ከበርተን የያዝነው ጀብዱውን ነው፤ ይህቺን አልያዝንለትም።

እነዚህ መጻሕፍት እስከዚህ እንዴት እንደ ደረሱ ማሰብ ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ተሸነፈ። በ1940 ዓ.ም. በኩሉብ ንቅናቄ ሰበብ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ብዙዎችም ከተማቸውን ለቀው አዲስ አበባና ሌላም ቦታ ገቡ። የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን ወሰደ፤ ሰዉ ባሕር ተሻገረ። ሰው ሲሰደድ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ይደበቃል፣ ወይም ምስጥ ይበላዋል። ደጓሹም ሙያውን የሚያወርሰው ልጅ ያጣል። አብዱላሂ ሙያውን ከመጥፋት መልሰው ወጣቶችን እስከ ማስተማር መድረሳቸው ቀላል ነገር አይደለም።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ሲተረክ ከግዕዝ ተነስቶ አማርኛ ላይ ይደርሳል፤ ዓጀሚ ሲነሳም ለታሪክና ለቋንቋ ተመራማሪዎች ይተዋል። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ራምቦን ያውቀዋል፤ በሐረር መስጊዶችና አዋቾች ሲባል የኖረውን ዚክር ግን የግጥም ክፍል ውስጥ አያገኘውም። ግጥሙ አለ፤ የሚዘልቁት ሽማግሌዎችም አሉ። የራምቦን ቤት ጎብኝቶ የሚወጣ ሰው ቁልቁል ጥቂት እርምጃ ቢጨምር መስታወት ውስጥ ያገኘዋል።