ከወይና ደጋ በኋላ፤ ሁለት እናቶች

ስለ ግራኝ ዘመን ጻፍልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ነኝና ከደጃፌ ልጀምር።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ የምታቋርጡት የወገራ ምድር የጦር ሜዳ ነበር። በየካቲት 1535 ዓ.ም (በአውሮፓውያን 1543) አፄ ገላውዴዎስ ከሰሜን ተራሮች ወርደው፣ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ሆነው፣ የኢማም አህመድን ጦር ወገራ ላይ ገጠሙት። አዛዡ ሰይድ መሐመድ ተገደለ። ኢማሙ ራሳቸው የአምስት ቀን መንገድ ርቀው እንደሰፈሩ የታወቀው ከዚሁ ከተያዙት ምርኮኞች ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ወደቁ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እንዘጋዋለን፤ ክርስቲያኑ አሸነፈ፣ እስላሙ ተሸነፈ፣ አለቀ። አላለቀም እኮ!

የገላውዴዎስ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ሌላ ልጅ ነበራቸው፤ ሚናስ። በጦርነቱ ተማርኮ በኢማሙ እጅ ከቆየ በኋላ ባሕር ተሻግሮ የመን ላሉት ቱርኮች ተላከ። በወዲያኛው ወገን ደግሞ የኢማሙ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ አሉ። ወይና ደጋ ላይ ባላቸውን አጡ፣ ልጃቸው መሐመድም ተማረከባቸው። እንግዲህ የአንዷ ልጅ በሌላዋ ወገን እጅ ነው። ሁለቱ እናቶች በድርድር ልጆቹን አስለወጡ። ሚናስ ከየመን መጣ፣ መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሰ።

ፍቅር ወረደ ልላችሁ አይደለም። ድል ወንበራ የባላቸውን ደም አልረሱም። በኋላ ያገቡት የሐረሩ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ1551 ዓ.ም ጦር ገጥሞ ገላውዴዎስን ገደለ። ዙፋኑን ማን የወረሰው ይመስላችኋል? ያ በልውውጥ የተመለሰው ሚናስ ነው።

በዚያው የእሳት ዘመን በብዕር የሞከሩም ነበሩ። ከየመን የመጡት፣ በእስልምና አድገው ክርስትናን የተቀበሉትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም «አንቀጸ አሚን»ን ለኢማሙ ጻፉ። የተከራከሩትም ቁርአንን እየጠቀሱ ነው። የሌላውን መጽሐፍ ሳያውቁ እንዲህ መከራከር አይቻልም።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች አልታረቁም፣ ቂማቸውንም አልተዉም። ግን መልእክተኛ የሚሄድበትን መንገድ ጨርሰው አልዘጉትም። ሁለት ልጆች የተረፉት በዚያ መንገድ ነው። ለመነጋገር መዋደድ ግድ አይደለም፤ ያኛውም ወገን ልጁን የምትጠብቅ እናት እንዳለችው ማወቅ ይበቃል።

ዛሬ በየኮሜንቱ የግራኝን ስም እያነሳችሁ የምትሰዳደቡ ልጆቼ፣ ሰይፉን ስትቆጥሩ እነዚህን ሁለት እናቶችም ቁጠሩልኝ። እናንተ አገርስ አዛውንቶቹ ስለዚያ ዘመን ምን ይላሉ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።