የቲፑ ሱልጣን ግድግዳ፦ የተሸነፈው ያደሰው ሥዕል

ከባንጋሎር ወደ ማይሶር ስትሄዱ፣ የካቬሪ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ በሚያቅፈው ደሴት ላይ ሽሪራንጋፓትና የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። ዛሬ ትንሽ ከተማ ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ሱልጣን እንግሊዞችን እንቅልፍ የነሱባት መናገሻ ነበረች። (እዚህ የምንጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።)

ከከተማዋ ቅጥር ወጣ ብሎ፣ አትክልት መሃል፣ ዳርያ ዳውላት ባግ የሚባል የበጋ ቤተ መንግሥት አለ። ቲፑ በ1784 ያሠራው፣ በአብዛኛው የቲክ እንጨት የሆነ ቤት ነው። በሕንድ ካሉት ቤተ መንግሥቶች ጋር ሲተያይ ግዙፍ አይደለም። እኛንም የሳበን ቤቱ ሳይሆን ግድግዳው ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳ አንድ ጦርነት ተስሎበታል፤ ያውም እንግሊዞች የተዋረዱበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃይደር አሊ በማይሶር የዎዴያር ነገሥታት ጦር ውስጥ ያደገ ወታደር ነበር። በ1761 ገደማ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ያዘና ንጉሦቹን ለስም ብቻ አስቀመጣቸው። በ1780 ከእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ጦር ገጠመ። ኮሎኔል ዊሊያም ቤሊ ወደ 4000 የሚጠጋ ጦር ይዞ፣ ካንቺፑራም ላይ ከሚጠብቀው ከጄኔራል ሄክተር መንሮ ጋር ሊቀላቀል ይገሰግስ ነበር። መስከረም 10 ቀን ፖሊሉር በምትባል መንደር አጠገብ ቲፑና አባቱ ከበቡት። መንሮ በቅርብ ርቀት ላይ ሆኖ ሳይደርስለት ቀረ። የቤሊ ጥይትና ባሩድ የተጫነባቸው ጋሪዎች ፈነዱ፣ ሰልፉ ተበተነ፣ የቀረው ተማረከ። ቤሊ ራሱ ቆስሎ ተያዘና በ1782 እዚያው ሽሪራንጋፓትና በእስር ላይ ሳለ ሞተ። ኩባንያው በሕንድ ምድር እስከዚያን ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሽንፈት አልቀመሰም።

ሥዕሉ ይህንን ሲተርክ ርኅራኄ የለውም። እንግሊዞቹ ቀይ ኮታቸውን ለብሰው በአራት ማዕዘን ተሰልፈዋል። መሃላቸው ቤሊ አለ፤ በፈረስ ላይ ግን አይደለም፤ ሰው በሚሸከመው አልጋ ውስጥ ተቀምጦ ጣቱን ነክሷል። ከአጠገቡ የባሩዱ ጋሪ እየነደደ ነው። ዙሪያውን የማይሶር ፈረሰኞች ይጎርፋሉ፣ አንገት ይቀላል፣ ደም ይፈስሳል። የቲፑ አጋር የነበረው ፈረንሳዊው ላሊ ደግሞ በሩቅ ማያ መነጽሩ ሁኔታውን ያያል። ቲፑስ? ቲፑ በዝሆን ላይ ሆኖ አበባ ያሸታል! የአትክልት ቦታውን ሊጎበኝ የወጣ ነው የሚመስለው። የእንግሊዞቹ ፊት ሪዝ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ነው። የማይሶሮቹ ግን ሪዛቸው የተጠመዘዘ ጎረምሶች ናቸው። ፌዙ ለጎረቤትም ተርፏል፤ የሃይደራባዱ ገዥ ኒዛም ነገሩ ካለቀ በኋላ ከነሠራዊቱ ሲደርስ ተስሏል። አስጎብኚዎች በዚህ ጥግ ሲደርሱ ሳይስቁ አያልፉም።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግድግዳው የነገረንን አየን፤ ያልነገረንስ? ቤተ መንግሥቱ በተሠራበት በዚያው በ1784 ቲፑ ከማንጋሎር አካባቢ ካቶሊክ ክርስቲያኖችን በብዙ ሺህ አስነድቶ ወደዚችው ከተማ አምጥቷል። ብዙዎቹ በመንገድ ላይና በግዞት አልቀዋል። ከኮዳጉ ተራሮችና ከማላባር የተማረኩትም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች በግድግዳው ላይ የሉም። በሌላ በኩል ይኸው ሰውዬ ለሂንዱ ገዳማት ስጦታ ይሰጥ ነበር፤ የሽሪራንጋፓትና ታላቁ የራንጋናታ ቤተ መቅደስም እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ሳይነካ ኖሯል። የካርናታካ ሰዎች ዛሬም የሚጣሉት በዚህ ነው። በ2015 የክልሉ መንግሥት የቲፑን ልደት በይፋ ማክበር ጀመረ፣ በ2019 ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ሰረዘው። ለእኛ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግድግዳ ያሳዩናል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ፖሊሉር ላይ ከተማረኩት መኮንኖች አንዱ ዴቪድ ቤርድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበር። ሽሪራንጋፓትና ወኅኒ ውስጥ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ታስሮ፣ በ1784 በተፈረመው የሰላም ውል ተፈታ። በግንቦት 4 ቀን 1799 እንግሊዞች ከተማዋን ሰብረው ሲገቡ የወራሪውን ጦር የመራው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ቤርድ። ቲፑ በዚያን ቀን ቅጥሩ በር አጠገብ ሲዋጋ ተገደለ። ሥርወ መንግሥቱም አርባ ዓመት ሳይሞላው አበቃ። ድል አድራጊዎቹ የአምስት ዓመት ልጅ የነበረውን ክሪሽናራጃ ዎዴያርን አምጥተው ዙፋኑ ላይ አስቀመጡት፤ የቲፑን ልጆች ደግሞ አጋዟቸው።

የከተማዋ አዛዥነት ግን ለቤርድ አልተሰጠውም። ለአርተር ዌልዝሊ ተሰጠ። ወንድሙ በሕንድ የእንግሊዝ ጠቅላይ ገዥ ነበር፤ የቀረውን እናንተ ሙሉት። ይህ ዌልዝሊ ኋላ ናፖሊዮንን ድል አድርጎ የዌሊንግተን መስፍን የሚባለው ነው። መኖሪያው ያደረገውም ዳርያ ዳውላትን ነው።

ሥዕሉ ከከበባው በፊት ተበላሽቶ ነበር። ዌልዝሊ አሳደሰው። አዎ፣ የገዛ ወገኖቹ ጣታቸውን ነክሰው የሚታረዱበትን ሥዕል! ከዓመታት በኋላ ደግሞ ኖራ ተቀባብቶ ሲደበዝዝ፣ በ1850ዎቹ ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ዳልሁዚ የቀድሞውን መልክ በሚያስታውስ ሕንዳዊ ሠዓሊ እንደገና አስቀባው። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ቀለም የቲፑ ዘመን ቀለም አይደለም። ማስረጃ ካሻችሁ ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ዙሩ። የዘመኑ ገዥዎች በየችሎታቸው ተቀምጠው ከተሳሉበት መካከል ክሪሽናራጃ ዎዴያር ሦስተኛ አለ። ቲፑ ከሞተ በኋላ የነገሠው ያ ሕፃን፣ አድጎ፣ በቲፑ ግድግዳ ላይ!

ለምን አሳደሱት? አንዳንዶች የጥበብ ፍቅር ይሉታል። እኛ አይመስለንም። ባለ ዛቻው በሕይወት ሳለ ሥዕሉ ዛቻ ነበር፤ ከሞተ በኋላ የአዳራሽ ጌጥ ሆነ። የጠላት ጉራ በገዛ ግድግዳው ላይ ሳይነካ ሲቀመጥ፣ የገደለው ሰው ይበልጥ ትልቅ ይመስላል። ቲፑ የሰቀለውን ምልክት ዌልዝሊ አላወረደውም፤ ባለቤቱን ብቻ ቀየረው።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ ነው እንዳትሉ። በ1799ኙ ጦርነት ዌልዝሊ ራሱ ያዝዘው የነበረ 33ኛ የሚባል የእግረኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ ኋላ በስሙ የዌሊንግተን መስፍን ክፍለ ጦር ተባለ። በ1868 የመቅደላን በር ሰብሮ የገባው ይኸው ክፍለ ጦር ነው። የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ የተነሳው ከቦምቤይ ሲሆን፣ ከሠራዊቱ ብዙው ሕንዳዊ ነበር፤ ዝሆኖቹም ከዚያው የመጡ ናቸው። አሠራሩም አልተለወጠም፦ ንጉሡ ይሞታል፣ ግምጃ ቤቱ ይዘረፋል፣ ልጁ በመርከብ ይወሰዳል። ቲፑ ያሠራው፣ ነብር በአንድ አውሮፓዊ ላይ ሰፍሮ ሲቦጫጭቀው የሚያሳየው፣ ሆዱ ውስጥ የሙዚቃ ኦርጋን ያለበት የእንጨት ነብር ዛሬ የለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ንብረት ነው። የመቅደላው የወርቅ ዘውድና ጽዋም እዚያው ሙዚየም እጅ ናቸው። ሙዚየሙ በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት መስጠት ይቻላል ብሎ ነበር፤ የራሳችንን ዕቃ ለእኛ ማዋስ!

ግድግዳውን ነቅሎ መውሰድ አልተቻለም፤ በሕንድ መንግሥት የቅርስ መሥሪያ ቤት ይጠበቃል። የፖሊሉርን ጦርነት በወረቀት ላይ የሚያሳየውና አሥር ሜትር ገደማ የሚረዝመው የሥዕሉ ሌላ ቅጂ ግን እንግሊዝ ገብቶ በግለሰቦች እጅ ሲዘዋወር ኖረ። በመጋቢት 2022 ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀርቦ በ630,000 ፓውንድ ተሸጧል።