መቀስ፣ ሙጫና ማስረጃ

ጆን ሃርትፊልድ እ.ኤ.አ. በ1891 በርሊን ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሄልሙት ሄርትስፌልት ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አገሩን ያጥለቀለቀውን ፀረ እንግሊዝ ጥላቻ በመቃወም ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ለወጠ። ከ1930 ጀምሮ ደግሞ “አርባይተር ኢሉስትሪርተ ጻይቱንግ” ለተባለው የሠራተኞች መጽሔት ፎቶግራፍ ቆርጦ እያገጣጠመ የፖለቲካ ሽፋኖችንና ገጾችን ሠራ። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ድፍረቱን ነው። በዚያ ዘመን ግን ናዚዎችን በድፍረት የሰደቡ ሠዓሊዎች ጥቂት አልነበሩም። ሥራውን ከነሱ የለየው ማስረጃ አያያዙ ነው፤ ባለሥልጣኑን የሚከሰው በባለሥልጣኑ በራሱ አንደበት ነበር።

በጥቅምት 1932 የወጣው ሽፋን ለዚህ ይመሰክራል። ሂትለር ሚሊዮኖች ከኋላዬ አሉ እያለ ይፎክር ነበር። ሃርትፊልድ ፉከራውን እንዳለ ወሰደና፣ ሂትለር እጁን ወደ ኋላ አጥፎ ሰላምታ ሲሰጥ ከጀርባው የቆመ ግዙፍ ቱጃር በመዳፉ ላይ የብር ኖት ሲያስቀምጥለት አሳየ። በታኅሣሥ 1935 ደግሞ የናዚው ባለሥልጣን ጌሪንግ ሃምቡርግ ላይ ያደረገውን ንግግር አነሣ። ጌሪንግ ብረት አገርን እንደሚያጠነክር፣ ቅቤና ሞራ ግን ሰውን ከማወፈር እንደማያልፍ ተናግሮ ነበር። ሥዕሉ ላይ አንድ ቤተሰብ ማዕድ ከቦ ብረት ይበላል፤ ሕፃኑም መጥረቢያ ይግጣል። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ እንደሚባለው፣ ሠዓሊው የሰውየውን ቃል እስከ መጨረሻው ተከትሎ ከመሄድ በቀር ምንም አልጨመረበትም።

ፎቶግራፍን ቆርጦ መቀጠል ራሱ ማታለል አይደለምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዚያው ዘመን አምባገነኖች ከፎቶግራፍ ላይ የማይፈልጉትን ሰው ያስፍቁ ነበርና። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የአምባገነኑ ፎቶ ስፌቱን ይደብቃል፤ ተመልካቹም የሆነውን ያየ መስሎት ያምናል። የሃርትፊልድ ስፌት ለማንም የተጋለጠ ነው፤ ሕፃን መጥረቢያ ሲበላ በካሜራ ተነሣ ብሎ የሚያምን ሰው የለም። የጌሪንግ ቃልም ከሥዕሉ ሥር ታትሟል፤ አንባቢው ክሱን ከቃሉ ጋር ራሱ ማመሳከር ይችላል።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሃርትፊልድ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር፤ የናዚን ግፍ ሲያጋልጥ የስታሊንን አላጋለጠም። ይህ እውነት ነው፣ ሊሸፈንም አይገባም። በ1930 የሶሻል ዴሞክራቶችን ጋዜጣ የሚያነበውን ሰው ጭንቅላቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ አድርጎ ሲያሳይ፣ በእጁ የነበረው የፓርቲው ጥላቻ እንጂ ማስረጃ አልነበረም፤ ሥዕሉም ስድብ ሆኖ ቀረ። ይህ ድክመት ግን የተነሣንበትን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ሰውየው ያው፣ መቀሱም ያው ሆኖ ሳለ፣ ማስረጃ በጎደለበት ሥራ ኃይሉም ጎድሏል።

ሥዕሎቹ ሂትለርን ከሥልጣን አላስቀሩትም። ሃርትፊልድ ራሱ በ1933 ወደ ፕራግ፣ በ1938 ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ይሁን እንጂ በ1934 ሥራዎቹ ፕራግ ውስጥ ለዕይታ ሲቀርቡ የጀርመን መንግሥት በኤምባሲው በኩል አቤቱታ አቅርቦ ከፊሎቹን አስወርዷል። ጦር ያለው መንግሥት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት እንዲነሣለት የጠየቀው፣ ወረቀቱ የያዘው የራሱ ቃል ስለነበረ ማስተባበያ አጥቶ ይመስላል። ሃርትፊልድ በ1950 ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲመለስም ጓዶቹ በጥርጣሬ ዓይን አዩት፤ የሥነ ጥበብ አካዳሚው በአባልነት የተቀበለው በ1956 ነው። እንግዲህ የፖለቲካ ሽፋን ሲመዘን ምን ያህል እንደጮኸ ወይም የማንን ወገን እንደያዘ መጠየቅ አይበቃም። ተከሳሹ ሊክደው የማይችለው ምን ማስረጃ ይዟል? ፍርዱ መሰጠት ያለበት በዚህ ነው።